ባሌ ያልበቀለው የባሌ መድኃኒት

ጎባን በክረምት የሚያውቃት ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከሳነቴ ቁልቁል ይወርድና በቤትና በቤት መካከል ይተኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በሳል ድምፅ ይተዋወቃል። በዚያ ወራት ከአያቴ ቤት የማይጠፋ አንድ ድምፅ ነበር፤ የሙቀጫ ድምፅ። ቡና ሲወቀጥ ድምፁ ደረቅ ነው። ዝንጅብል ሲወቀጥ ደግሞ እርጥብና ደፈን ያለ ነው። እኛ ልጆቹ ከአልጋ ሳንወርድ ለይተን እናውቀዋለን። የቡናው ከሆነ «እንግዳ አለ» እንላለን። የዝንጅብሉ ከሆነ «ማን ታመመ?» እንላለን።

አያቴ ዝንጅብሉን የሚያኖሩት ክዳኗ በዛገች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ደረቅ አሸዋ አልብሰው ነበር። ጉንፋን ለያዘው ከነጭ ሽንኩርትና ከማር ጋር ይሰጡታል። ሆዱን ለነፋው በሻይ ያፈሉለታል። ጥርሱን ላመመው ቁራሹን ያስነክሱታል። መንገደኛ ከሆነ ደግሞ አውቶቡስ ላይ እንዳያስመልሰው በጨርቅ ቋጥረው ኪሱ ይከቱለታል። ለምች ዳማ ከሴውን፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳሙን ከጓሮ ይቀጥፋሉ። ዝንጅብሉ ግን ሁልጊዜ ከቆርቆሮዋ ነው። ጓሮ ወጥተው ሲነቅሉት አይቼ አላውቅም። ልጅ ነኝና «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ ክረምት ታናሽ እህቴ ታመመች። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። በሳል ጀመራት። ያው የተለመደው ተደረገላት፤ ዝንጅብሉ ተወቀጠ፣ ማሩ ተጨመረ፣ ደረቷ በቅቤ ታሸ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ባሰ። እንደገና ተወቀጠ። በሦስተኛው ቀን ማታ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ እየሰረጎደ፣ አፍንጫዋ እየተከፈተ መተንፈስ ያዘች። ጎረቤታችን ድሬሰር ነበሩ፤ ባትሪያቸውን ይዘው መጥተው ደረቷን ለአፍታ አዩና «ይቺን ልጅ አሁኑኑ አንሷት» አሉ። በጋቢ ጠቅልለን በጨለማ ሆስፒታል አደረስናት። የሳምባ ምች ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አያቴን «እማማ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነበር?» አላቸው። አያቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ እኔም ዝንጅብሉም ጉንፋን መስሎን ነው» አሉት።

እህቴ ዳነች። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። የአያቴ መልስ በቤተሰባችን ውስጥ እስከ ዛሬ ያስቀናል። ሳቁ ሲያልቅ ግን እኔ ዝም እላለሁ። እስኪ ይቺን ዝንጅብል የምንላትን ነገር ከነታሪኳ እንያት። ከየት መጣች? እንዴት «የአገር መድኃኒት» ሆነች? ምን ትችላለች፣ ምንስ አትችልም?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሥራ ሮቤ ሄጄ ነበር። ሮቤ ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በገበያ ቀን እንደሄድክ ቅመም ተራውን በአፍንጫህ ታገኘዋለህ። እዚያ ጥቁር አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ አብሹ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። እነዚህ የባሌ ልጆች ናቸው፤ ባሌ በስንዴና በገብሷ ብቻ ሳይሆን በጥቁር አዝሙዷም ትታወቃለች። ጥግ ላይ አንዲት እናት ዝንጅብል በመደብ በመደብ ከፋፍለው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ይህ ዝንጅብል ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«ከሻሸመኔ።»

«ሻሸመኔ ይበቅላል እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቁብኝ። «አይ ልጄ! ሻሸመኔ ምን ያልበቀለ ነገር አለ? ጨውም ከሻሸመኔ ነው የሚመጣው፣ ክብሪትም ከሻሸመኔ ነው የሚመጣው!»

እውነታቸውን ነው። ለባሌ ነጋዴ ሻሸመኔ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ያን ቀን የልጅነቴ ጥያቄ መልስ አገኘ። አያቴ ዝንጅብሉን ከጓሮ የማይነቅሉት ጓሯቸው ስለማያበቅለው ነው! ዝንጅብል ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ውርጭ ጠላቱ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ትበልጣለች። ከጎባ ወደ ላይ የወጣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሳነቴ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ማዶ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። እዚህ ጅብራና የቀይ ቀበሮ አገር ነው። ከሳነቴ ወዲያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካና ወደ ደሎ መና ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ቡናም ይጀምራል። ደጋው ግን ለዝንጅብል የሚሆን አይደለም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል ተረቱ። የደጋን ብርድ የሚዋጋልን በሬ ግን ሰርዶውን የሚግጠው ሌላ አገር ነው።

የባሌ ሰው መድኃኒት አጥቶ ነው እንዳይባል፣ አገሩ የመድኃኒት ጎተራ ነው። ኮሶው በዲንሾና በአዳባ ጫካ አለ፤ ጭቁኙ በየሜዳው ነው። የአገራችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ አንድ ጥናታቸው በባሌው መና አንጌቱ ወረዳ ብቻ ከ200 በላይ የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግበዋል። ይህን ሁሉ በጓሮው ይዞ ነው እንግዲህ የባሌ ደገኛ ለጉንፋኑ ዝንጅብልን በገንዘቡ የሚገዛው። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባላል። ዝንጅብል ግን ስንት መቶ ዓመት በእንግድነት ተቀምጦም ብረት አልሆነም።

ይህ እንግዳ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። መነሻው ከሕንድ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ባለው ሞቃት አገር ነው። የሚገርመው፣ ዝንጅብል ጫካ ውስጥ እንደ ልቡ በቅሎ የተገኘበት ቦታ የለም። ከሰው እጅ ወጥቶ አያውቅም። ፍሬ አፍርቶ ዘሩን ለነፋስና ለወፍ የሚሰጥ ተክል አይደለምና፣ የሚራባው ሰው ከአፈር ሥር ያለውን እብጠት ቆርጦ መልሶ ሲተክለው ነው። ስለዚህ ዝንጅብል ከአገር አገር የሄደው ራሱን ችሎ አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይዞት ሄዷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዓለምን የዞረው ኢብን ባቱታ፣ የቻይና መርከበኞች በትልልቅ መርከቦቻቸው ላይ በእንጨት ገንዳ አትክልትና ዝንጅብል ይተክሉ እንደነበር ጽፏል። ይኸው መንገደኛ በእኛ በኩልም አልፎ ዘይላን አይቷታል፤ የዓሣና የታረደ ግመል ሽታዋ ስላስመረረው ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደርን እንደመረጠ ይነግረናል። ዘይላ ብትሸትም በር ነበረች፤ የሕንድ ባሕር ንግድ ወደ ደጋችን ከሚገባባቸው በሮች አንዷ።

ስሙም አብሮት ተጉዟል። በደቡብ ሕንድ ታሚሎች «ኢንጂ» ይሉታል። በጥንቱ ሳንስክሪት «ሽሪንገቬራ» ተባለ፤ ግሪኮች «ዚንጊቤሪስ» አሉት፤ ዓረቦች «ዘንጀቢል»። ከዚያ እኛ «ዝንጅብል»፣ ኦሮምኛው «ጅንጅብላ»፣ እንግሊዙ «ጂንጀር»። ቅዱስ ቁርኣን በ76ኛው ምዕራፍ ለጻድቃን በጀነት ከሚቀርበው መጠጥ ጋር ዝንጅብልን ያነሣል። ለባሌ ሙስሊም እንግዲህ ዝንጅብል ከሻሸመኔ ብቻ የመጣ ዕቃ አይደለም፤ ስሙ በቤቱ ሲቀራ የኖረ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የሮማውያን ነገር ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖሩት ፕሊኒና ዲዮስቆሪድስ ዝንጅብል የሚበቅለው በዓረብና በትሮግሎዲቲካ ነው ብለው ጽፈዋል። ትሮግሎዲቲካ ማለት የቀይ ባሕር የእኛው ዳርቻ ነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቅመሙ ከሕንድ ተነሥቶ በእነዚህ ወደቦች በኩል ስለሚያልፍ፣ ገዢው ወደቡን አገሩ አደረገው። የሮቤዋ ባለመደብ «ከሻሸመኔ ነው» እንዳሉኝ፣ ፕሊኒም የሮሙ ነጋዴ የነገረውን ጻፈ! ሰው ዕቃውን ያገኘበትን በር እንጂ ዕቃው የበቀለበትን ማሳ አያይም። ይህ ነገር የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመትም እንደዚሁ ነበር።

ዝንጅብል በኢትዮጵያ አፈር መተከል ከጀመረ ግን ቆይቷል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ የዳሞትን አገር ሲያነሣ ዝንጅብል በብዛት እንደሚገኝበት ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ከግቤ ማዶ የሚነሡ ነጋዴዎች ከቡናው፣ ከኮረሪማውና ከዝባዱ ጋር ዝንጅብሉን ጭነው በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ ይዘልቁ ነበር። ባሌስ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ ስለ አገራችን የጻፈው አል ዑመሪ «ባሊ»ን ከሰባቱ የእስልምና ግዛቶች አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል። ዝናሟ የበዛ፣ አየሯ ቀዝቃዛ፣ ንግዷም በገንዘብ ሳይሆን በከብት፣ በበግና በጨርቅ ልውውጥ እንደነበር ይነግረናል። ባሌ ለዓለም የምታቀርበው ቅቤ፣ በግና እህል ነው፤ የቆላውን ነገር ከሌላው ትጠብቃለች። የአያቴ ቆርቆሮ የዚህ የቆየ ልውውጥ ታናሽ እህት ናት ብል አላጋነንኩም።

ስለ ልውውጥ ካነሣሁ የጎረቤታችንን የአዮን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። «አዮ» በባሌና በአርሲ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ እኛም እንደ ልጆቻቸው «አዮ» ነበር የምንላቸው። ጎባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ባሌን ከያዘ በኋላ የአስተዳደር ከተማ ሆና ያደገች ናት። ከሸዋ የመጣው ሰፈረ፤ አገሬው ደግሞ በመሬቱ ላይ ገባር ሆነ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተነሣው አመፅ ከዚሁ የመሬትና የግብር በደል ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ታሪክ አያቴም አዮም ያውቁታል፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወገን ሰው ቀብረዋል። ቁጭ ብለው ሲያወሩት ግን ሰምቼ አላውቅም። በአጥሩ ላይ የሚያልፈው ሌላ ነገር ነበር፤ ከአዮ ወገን ቅቤና እርጎ፣ ከአያቴ ወገን ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ዝንጅብል።

አያቴ ዝንጅብሉን ለበርበሬ ድልሁ፣ ለአልጫው፣ ለዶሮው ያውሉታል። አዮ ቅቤያቸውን ከኮረሪማና ከዝንጅብል ጋር ያነጥሩትና የተቆላ የገብስ ዱቄት ያሹበታል፤ ጩኮ ማለት ነው። በአንደኛው ቤት ጾም አለ፣ በሌላው ረመዳን። በሁለቱም ቤት ሳል ሲገባ ግን ሙቀጫው አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። በዚህ ብቻ ታረቁ፣ ሁሉ ነገር ተረሳ ልላችሁ አይደለም። ዝንጅብል የመሬት ጥያቄ አይመልስም። ግን ሁለት ሰዎች የማይነጋገሩበት ነገር ቢኖርም የሚሰጣጡት ነገር ካላቸው ጉርብትናቸው አይሞትም። ያን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። ሻሸመኔ በር ከሆነች ከበሩ ወዲያ ያለው ማን ነው? ወላይታና ከምባታ ነው። ቦሎሶ ቦምቤ፣ ሃደሮ ጡንጦና አካባቢያቸው የኢትዮጵያ የዝንጅብል ጎተራ ነበሩ። ለዚያ አገር ገበሬ ዝንጅብል ቅመም አልነበረም፤ ግብሩ፣ የማዳበሪያ ዕዳው፣ የልጁ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ ነበር። የደረቀው ዝንጅብል ወደ ሱዳን፣ ወደ የመንና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ይላካል። የመኖች ከቡና ገለባ በሚያፈሉት ቀሽር ውስጥ ዝንጅብል ይጨምሩበታል። ቴፒ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ቦዚአብና ያሊ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቶ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ይህ ሁሉ ፈረሰ። ማሳው ላይ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይጠቀለላል፤ በጥቂት ቀናት ተክሉ ሁሉ ጠውልጎ ይወድቃል። ቆፍረው ሲያወጡት ውስጡ ውኃ ሆኖ ይሸታል። ገበሬው አጠውልግ የሚባል በሽታ ከእንሰቱ ያውቃል፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። ራልስቶኒያ ሶላናሴረም የሚባል፣ ድንችና ቲማቲምንም የሚያጠቃ ባክቴሪያ ነው። በሥሩ በኩል ይገባና የተክሉን የውኃ ቧንቧ ይዘጋዋል። አፈር እርጥብ ሆኖ ተክሉ በጥም ይሞታል ማለት ነው። በጎርፍ፣ በመቆፈሪያ፣ በእግር ጭቃ ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አምኖ የሚረጩት መድኃኒት የለውም። ስንት ቤተሰብ የዘራውን ሳይነቅል ቀረ!

ነገሩን ያከፋው ያ ቅድም ያልኳችሁ የዝንጅብል ጠባይ ነው። ዝንጅብል እውነተኛ ዘር የለውም፤ የዘንድሮው ተክል ከአምናው የተቆረጠ ቁራጭ ነው። በማሳው ያለው ሁሉ አንዱ የሌላው አምሳያ ስለሆነ፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ዘር ብሎ ከጎረቤቱ የገዛ ገበሬም በሽታውን አብሮ ገዝቶ ይተክለዋል። ዝንጅብልን ከእስያ እስከ ወላይታ ያደረሰው ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል፣ በሽታውንም እንዲሁ ከማሳ ወደ ማሳ አደረሰው። መፍትሔው ንጹሕ ዘር ነው፤ በላቦራቶሪ ከሕዋስ የተባዛ ችግኝ፣ ያልተበከለ መሬት፣ ከእህል ጋር እያፈራረቁ መዝራት። ይህ ደግሞ በአንድ ክረምት የሚደርስ ሥራ አይደለም።

በ2005 ዓ.ም. ጎባ ለለቅሶ ሄጄ ነበር። ለእንግዳ ሻይ ሲፈላ አክስቴን «ዝንጅብሉስ?» አልኳቸው።

«ዝንጅብል?» አሉኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ መጥተህ ትቀልዳለህ? አውራ ጣት የምታህለውን ቁራጭ በስንት እንደሚሸጧት አላየህም? ዘንድሮ ጉንፋን የሚይዘው ሀብታም ብቻ ነው!»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን የሳቀውን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ ቦሎሶ ቦምቤ ስለምትባል አገር የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ያወቅኳት ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነው። የአያቴ ቆርቆሮ ባዶ እስክትሆን ድረስ፣ በውስጧ ያለው የአንድ ሌላ ገበሬ ላብ እንደነበረ ትዝ ያለው የለም። ለነገሩ የሚያሳፍረው ይህ ነው። «የአገራችን የባህል መድኃኒት» እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ አገሩ የቱ እንደሆነ ግን አንጠይቅም። መድኃኒቱ ሲጠፋ የምናማርረው ነጋዴውን ነው። ገበሬው ዘር አጥቶ ሲቀመጥ ዜናው በአንድ ቀን ያልፋል።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በማግሥቱ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል እንደ ወርቅ ተፈለጉ። ዋጋው በቀናት ውስጥ ተሰቀለ፤ መንግሥት ዋጋ ያናሩ ያላቸውን መደብሮች እስከ ማሸግ ደረሰ። የተማረውም ያልተማረውም ተሰለፈ። እኔስ? አልዋሽም፣ ገዝቻለሁ። አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ሁለት ሜትር ርቄ፣ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል ገዝቻለሁ! የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉት ነገሮች ቫይረሱን እንደማይከላከሉ እየደጋገመ ተናገረ። ግን የፈራ ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ ያች ዕለት የጨበጥናት የአያቶቻችንን ሙቀጫ ነበር። እንደ አያቴ አባባል፣ አገር ሁሉ ከነዝንጅብሉ ጉንፋን መስሎት ነበር።

እንግዲህ ዝንጅብል ምን ይችላል? የሚያቃጥለን ነገር ጂንጀሮል ይባላል። ሲደርቅ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይህኛው ይበልጥ ይፋጃል። ደረቁ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚበረታው ለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ያውቁት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ዝንጅብልን አካቶታል፤ በዋናነት የሚያነሣው በጉዞ የሚመጣን ማቅለሽለሽና ማስመለስን ለመከላከል ማገልገሉን ነው። በእርግዝና ወራት ለሚያቅለሸልሻት ሴትም በቀን አንድ ግራም ያህል መጠን መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ የተጠና ነገር ነው። ኪሳችን ውስጥ ትከተት የነበረችው የአያቴ ቋጠሮ ትክክል ነበረች ማለት ነው። ለጉንፋንም ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ማሩ ሳልን ያስታግሳል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የማይችለውስ? የሳምባ ምችን አይችልም። ልጅ በፍጥነት ሲተነፍስ፣ ደረቱ ሲሰረጎድ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ሲል፣ ያን ጊዜ ሙቀጫውን ማስቀመጥ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ጥሩ ተረት ነው። ግን አብረን ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ቅጠል ማገዶ ነው።

የዝንጅብል ወሬ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንደኛው «የእኛ የአባቶች ጥበብ ሁሉን ይፈውሳል፣ ሐኪም ቤት የፈረንጅ ነው» ይላል። ሌላው «ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ሙቀጫውን ይጥላል፤ ያንኑ ዝንጅብል ግን በከረጢት ታሽጎ፣ የውጭ አገር ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲመጣ ሱፐርማርኬት ገብቶ ይገዛል። ሁለቱም አያቴን አያውቋቸውም። አያቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ለሐኪሙ የመለሱት መልስ ሰበብ አልነበረም፤ ስህተታቸውን ማመናቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዝንጅብል መውቀጥ አልተዉም። አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ልጅ ሲያስል መጀመሪያ ልብሱን ገልጠው የጎድን አጥንቱን ያያሉ። ካልወደዱት ድሬሰሩን ያስጠራሉ። ከወደዱት ሙቀጫቸውን ያነሣሉ። እኔ የባህል ሕክምና ማክበር የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ያወቁትን መያዝ፣ የማያውቁትን ለሚያውቀው ማስረከብ።

ሁለተኛው ዕዳችን ደግሞ ለማሳው ነው። የጎባ ሳል ከወላይታና ከከምባታ ዘር ጋር የተሳሰረ ነው፤ የዚያ ገበሬ ንጹሕ ዘር ማግኘትና አለማግኘት የዚያ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለቅርስ ብለን የምንጠብቃቸው ብዙ ነገሮች አሉን፤ ሐውልት፣ ብራና፣ ቤተ መንግሥት። አፈር ውስጥ ያለች አንዲት ጤነኛ የዝንጅብል ጉማጅም ከእነሱ ጋር ትቆጠር። ያቺ ከጠፋች መጽሐፍ አገላብጦ የሚያስበቅላት የለም። ሰው ይዟት መጣ፤ ሰው ካልያዛት ትሄዳለች።

ባለፈው ክረምት እህቴ ቤት ሄጄ ነበር። ያቺ የዛገች የብስኩት ቆርቆሮ አሁን እሷ ዘንድ ናት። ክዳኗን ከፈትኳት፤ አሸዋው አለ፣ ዝንጅብሉም አለ። ከጎኑ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የአያቴ የመድኃኒት ቅመም ዝርዝር መስሎኝ በጉጉት ገለጥኩት።

የልጆቿ የክትባት ካርድ ነበር።